እውነቱን የነገረችን እናታችን

ይህን ምስክርነት የምንጽፈው የአንዲት እናት ልጆች የሆንን ሦስት እህትና ወንድሞች ነን። ስለ ራሷ እንድንጽፍ የፈቀደችልን እናታችን ናት። «እኔ የደረሰብኝ በሌላ ሰው ላይ ከሚደርስ ይነገር» አለችን። ስለዚህ የምንናገረው የእሷን ሕመም ብቻ ሳይሆን የእኛንም ጥፋት ነው።

እናታችን የምትኖረው በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። የስኳር ሕመም እንዳለባት ካወቀች 18 ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ኪኒን ትወስድ ነበር፤ ኋላ ኢንሱሊን ተጀመረላት። መድኃኒቱን አትረሳም፤ የሕክምና ቀጠሮዋንም ታከብራለች። ይሁን እንጂ ስኳሯ ለረጅም ዓመታት ከፍ ብሎ የቆየባቸው ጊዜያት ነበሩ። እኛም ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር ስንል ብዙም አልተከታተልንም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ምግብ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርን። ሁለት ሦስት ጉርሻ ስትበላ «ጠገብኩ» ትላለች። ሆዷ ይነፋል። ጠዋት ስትነሣ ያቅለሸልሻታል። አንዳንዴም ታስመልሳለች። አንድ ቀን ጠዋት ካስመለሰች በኋላ «ትናንት ምሳ ላይ የበላሁት ጎመን ነው የወጣው» አለችን። «እማዬ ደግሞ! የትናንት ምሳ እስከ ዛሬ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል?» ብለን ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

እንደምታውቁት በአገራችን ምግብ እምቢ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ቤት ሄዳ ትንሽ ቀምሳ እጇን ስትሰበስብ «ምነው፣ አልጣፈጠሽም?» ትባላለች። «በሞቴ» ተብላ ስትጎርስ ደግሞ ሌሊቱን ስትሠቃይ ታድራለች። ቀስ በቀስ ግብዣ መሄድ ተወች። ከአምልኮ በኋላ እህቶች አብረው ቡና ሲጠጡ እሷ ወደ ቤት ትመለስ ጀመር። ቀሚሶቿ ሰፏት። እኛ ግን «ኩርፊያ ነው» አልን።

ሁሉም ሰው የሰጠው ስም አንድ ነበር፦ ጨጓራ። ጎረቤትም፣ መድኃኒት ቤትም፣ እኛም ጨጓራ ነው አልን። ኦሜፕራዞል ገዛንላት። ተመርምራ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ተገኘባትና መድኃኒቱን ጨርሳ ወሰደች። ይህ ባክቴሪያ እውነተኛ የጨጓራ ጠላት ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን የጨጓራ ቁስልን እንደሚያመጣ በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ነገር ግን በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ አንድ በሽታ ተገኘ ማለት ሌላ የለም ማለት አይደለም። መድኃኒቱን ስትጨርስ ማቃጠሉ ቀለል አለ፤ መንፋቱና ማስመለሱ ግን ባለበት ቀጠለ። እኛም «ሆድ ያለሰልሳል» ብለን በየጠዋቱ ተልባ እንድትጠጣ አስገደድናት። ባሰባት።

ከዚያ ኢንዶስኮፒ ታዘዘላት፤ በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ጨጓራን ማየት ማለት ነው። ከማታው 1 ሰዓት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ ተነገራት። በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ምርመራው ተጀመረና ወዲያው ቆመ። የሚመረምራት ባለሙያ ወጥቶ «ጨጓራዋ ውስጥ ምግብ አለ። አልጾመችም። ሌላ ቀን ጾማ ትምጣ» አለን።

እናታችን «እህል አልቀመስኩም» አለች። ባለሙያውም አላመናትም፤ ያ ያሳዘነን ያህል ግን እኛ ያደረግነው ይበልጥ ያሳፍረናል። ታክሲ ውስጥ ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ «እማዬ፣ ሌሊት ርቦሽ ቀምሰሽ ከሆነ ንገሪን፤ ነውር የለውም» አላት። ሌሎቻችንም ዝም አልን። ዝምታችን እንደማመን አይቆጠርም ነበር። እሷ በመስኮቱ በኩል ሐይቁን እያየች አንድ ቃል ሳትመልስ ቤት ደረስን።

ለሁለተኛው ቀጠሮ እንዳትዋረድ ፈርታ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ከሾርባና ከሻይ በቀር ምንም አልወሰደችም። ስኳር ላለበት ሰው ይህ እንዴት አደገኛ እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብንም። ውጤቱ ንጹሕ ሆነ፦ ቁስል የለም፣ ዕጢ የለም፣ ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚያስወጣው በርም ክፍት ነው። «ምንም የለባትም፤ ጭንቀት ይሆናል» ተባልን።

«ምንም የለባትም» የሚለው ቃል ለእኛ የምሥራች ነበር፤ ለእሷ ግን ፍርድ ሆነባት። ከዚያ ቀን በኋላ የምትናገረው ሁሉ ዋጋ አጣ። ጸሎት አስደረግንላት፤ በጸሎቱ አንጸጸትም፤ ዛሬም እንጸልያለን። ነገር ግን በቤት ኅብረታችን አንዳንዶች «ይቅር ያላልሽው ሰው ይኖር ይሆን?» ብለው ጠየቋት። ሌላው «እምነትሽን አጠንክሪ» አላት። እኛም ልጆቿ በልባችን ተስማማን።

ነገሩን የለወጠው አንድ እሑድ ነው። ከአምልኮ በኋላ የኅብረት ምሳ ነበር። እናታችን ኢንሱሊኗን ወጋች፤ እንደ አቅሟም በላች። ሰዓት ሳይሞላ ተንቀጠቀጠች፤ አላባት፤ ንግግሯ ተደናገረ። አንዳንድ ወንድሞች መንፈስ ነው ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መገሠጽ ጀመሩ። ነርስ የሆነች አንዲት እህት ግን ሰውን ከፍላ ገባችና ጣቷን ወግታ ስኳሯን ለካች፦ 48። በጣም ወርዷል። ስኳር በውሃ በጥብጠን ሰጠናት። እስክትመለስ የወሰደው ጊዜ ከጠበቅነው በላይ ረጅም ነበር። ያቺ እህት ስትሸኘን አንድ ነገር ደጋግማ አለች፦ «በልታ ነው የወረደባት። ይህን ለሐኪም ሳትነግሩ እንዳትቀሩ።»

በሳምንቱ ወደ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሄድን። ወጣት ነው። ወረቀቶቹን ከመገልበጡ በፊት ወንበሩን ወደ እናታችን አስጠጋና «እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው? እስኪ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አላት። እኛ ልንመልስ አፋችንን ስንከፍት በእጁ ምልክት ሰጥቶ አስቆመን። እሷ ተናገረች፤ እሱ ጻፈ። ስለ ትናንቱ ጎመን ስትነግረው ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያት። አልሳቀም።

ከዚያ ጫማዋን እንድታወልቅ ነገራት። እናታችን ግራ ገብቷት «ልጄ፣ እኔ የታመምኩት ሆዴን ነው» አለችው።

«አውቃለሁ እማማ። ወደ ሆድዎ የምሄደው በእግርዎ በኩል ነው» አላት።

ዓይኗን አስጨፍኖ በቀጭን የናይለን ክር የእግሯን ጣቶችና መዳፍ ይነካካ ጀመር። ሲሰማት «አዎ» እንድትል ነግሯታል። እሱ ሲነካት እኛ እናያለን፤ እሷ ግን ዝም ብላለች። ያ ዝምታ አስደነገጠን። እናታችን እግሮቿን ማጣት ከጀመረች ስንት ጊዜ ይሆናት? ቀጥሎ አስተኝቶ የደም ግፊቷን ለካ፤ አስነሥቶም ለካ። ስትቆም የላይኛው ቁጥር ከ138 ወደ 110 ወረደ። ሰው ሲቆም በሦስት ደቂቃ ውስጥ 20 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ልብና የደም ሥርን የሚያዙት ነርቮች ተጎድተው ሊሆን እንደሚችል አስረዳን። ብድግ ስትል የሚያዞራት ለካ ለዚህ ኖሯል።

በመጨረሻ የልብ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጎ ወገቧን ቀስ ብሎ ወዘወዛት። ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ጀሪካን ሲነቀነቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሻይና ትንሽ ዳቦ ቀምሳለች፤ ያን ጊዜ 6 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከአራት ሰዓት በላይ ያለፈው ጨጓራ እንዲህ ሊሰማ አይገባም ነበር።

አሁን ወረቀቶቹን አነሣ። የመጀመሪያው ኢንዶስኮፒ ላይ ሲደርስ ቆመና «ያን ቀን ስንት ሰዓት ጾመው ነበር?» አላት።

«ከማታው አንድ ሰዓት ጀምሮ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ነግሬያቸው ነበር ልጄ። አላመኑኝም» አለች።

«እኔ አምንዎታለሁ» አላት። «ወረቀቱም ይመሰክርልዎታል።»

እናታችን በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኛም የምንቀመጥበት ጠፋን። ለካ ያ «አልጾመችም» ያሰኛት የምግብ ቅሪት የምንፈልገው መልስ ራሱ ነበር። 15 ሰዓት የጾመች ሴት ጨጓራ ውስጥ ምግብ ከተገኘ፣ ምግቡ አልወጣም ማለት ነው። ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠና እንዲህ ሲል አስረዳን፦ «የመጀመሪያው ምግቡ እንደማይወጣ ይነግረናል። ሁለተኛው በሩ እንዳልተዘጋ ይነግረናል። በሩ ክፍት ሆኖ ምግቡ ካልወጣ የደከመው የሚገፋው ነው።»

እናታችን የጣና ልጅ ናትና በምታውቀው ነገር አስረዳት። «ጨረጨራን ያውቁታል አይደል? ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣው ውሃ የሚመጠንበትን? በሩን የሚከፍተው ሰው ትእዛዝ በስልክ ይደርሰዋል እንበል። ገመዱ ከተበላሸ በሩ ደኅና ሆኖ፣ ሠራተኛውም ቆሞ፣ ውሃው አይለቀቅም። የእርስዎም ሆድ አልተበላሸም። ገመዱ ነው የተጎዳው» አላት።

ያ ገመድ ቫገስ ይባላል። ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአንገትና በደረት አልፎ ሆድ የሚደርስ ረጅም ነርቭ ነው። የጨጓራ ጡንቻ ምግቡን እንዲፈጭና ወደ አንጀት እንዲገፋ መልእክት የሚያደርሰው እሱ ነው። ለብዙ ዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቮችንና ነርቮችን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። እግርን ያደነዘዘው ጉዳት ሆድንም ሊደርስበት ይችላል። ሐኪሞች ይህን የጨጓራ መስነፍ ጋስትሮፓሬሲስ ይሉታል። ካሳንደር የተባለ ሐኪም በስኳር ሕመምተኞች ላይ የሚታየውን በዚህ ስም የጠራው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ከስኳር ሌላም መንስኤ አለው፦ ነርቩን የነካ ቀዶ ሕክምና፣ የፓርኪንሰን ሕመም፣ አንዳንድ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች። መንስኤው የማይታወቅበትም ጊዜ አለ።

የእሑዱም ነገር ተፈታ። ኢንሱሊኑ በሰዓቱ ሥራውን ይጀምራል፤ ምግቡ ግን ጨጓራ ውስጥ ተኝቷል። ስለዚህ በልታም ስኳሯ ይወርዳል። ከሰዓታት በኋላ ምግቡ ሲወጣ ደግሞ ስኳሩ ወደ ላይ ይወጣል። መንፈስ ብለን የገሠጽነው ሰዓቱን ያልጠበቀ ምግብ ነበር።

ሐኪሙ ግን አልቸኮለም። የደም፣ የታይሮይድና የአልትራሳውንድ ምርመራ አዘዘ፤ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ አየ። ሕመሙን በትክክል የሚለካው ምርመራ ሰውየው ጥቂት የጨረር ምልክት የተደረገበት እንቁላልና ዳቦ በልቶ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ጨጓራው እየተነሣ የሚታይበት ነው። በአራተኛው ሰዓት ከምግቡ ከ10 በመቶ በላይ ከቀረ ጨጓራው ዘግይቷል ይባላል። እኛ በሄድንበት ቦታ ይህ መሣሪያ አልነበረም። «ያለንን ማስረጃ ይዘን እንጀምር፤ ካልተሻላት አዲስ አበባ እንልካታለን» አለን።

ሕክምናው በአብዛኛው ማዕድ ላይ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ሙሉ ሳህን መሆኑ ቀርቶ አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ሆነ። ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ሾርባ፣ የተፈጨ ድንች፣ በደንብ የበሰለ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ያለ ዘይት የበሰለ ዓሣ፤ ሁሉም ስኳሯ እየተለካ። ቅባት፣ ቆሎ፣ ጥሬ አትክልትና ያ ያስገደድናት ተልባ ቀረ፤ ቅባትና አሰር የደከመ ጨጓራን ይበልጥ ያዘገያሉና። እንጀራን አልከለከላትም፤ በጥቂቱ፣ በደንብ ታኝኮ አለ። ከበላች በኋላ እንዳትተኛ፣ ቀስ ብላ እንድትራመድ። ሜቶክሎፕራሚድ የሚባል መድኃኒት ከምግብ በፊት ለተወሰነ ጊዜ አዘዘላት፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የፊትን ጡንቻ ያለ ፈቃድ ሊያንቀሳቅስ ስለሚችል ከሦስት ወር እንዳያልፍና በራሳችን እንዳንገዛ አስጠነቀቀን። የኢንሱሊኗንም ሰዓት አስተካከለ። ወገኖች፣ ይህን እናንተ ከጽሑፍ አንብባችሁ አትለውጡ፤ የእያንዳንዱ ሰው ይለያያል።

ያን ማታ እግሯ ሥር ተቀመጥን። ሐኪሙ በየቀኑ እግሯን እንድናይላትና እንድናጥብላት አዝዞን ነበር፤ የማይሰማው እግር ቢቆስል አይታወቅምና። ለብ ያለውን ውሃ በእጃችን ለክተን አጠብናት፤ ሙቀቱን እሷ ልታውቅ አትችልም። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ምዕራፍ ከልጅነታችን ጀምሮ ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ ያን ማታ ግን በእጃችን ሆነ። «እማዬ፣ ይቅር በይን» አልናት። እሷም «እናንተም አልታያችሁም ነበር» ብላ ራሳችንን ዳበሰችን።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስን ስናነብ ሁለት ቦታዎች ላይ እንቆማለን። አንዱ መጽሐፈ ኢዮብ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ደኅና ነበሩ፤ የተሳሳቱት መናገር ሲጀምሩ ነው። የሕመሙን ምክንያት ሳያውቁ በደል ፈለጉበት። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ሆነ፤ ለእነሱም የጸለየላቸው ያው የከሰሱት ኢዮብ ነው። እኛ የእናታችን ኤልፋዝና በልዳዶስ ነበርን።

ሌላው ማርቆስ 9 ነው። አንድ አባት የሚሠቃይ ልጁን ወደ ጌታ አመጣ። ሁሉን የሚያውቀው ጌታ ከመፈወሱ በፊት ልጁ እንዲህ ከሆነ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው አባቱን ጠየቀው። ሳይጠየቅ የሚያውቅ ጌታ ከጠየቀ፣ የማናውቀው እኛ ሳንጠይቅ ለምን ፈረድን? ያ ወጣት ሐኪም አማኝ ይሁን አይሁን አላወቅንም። ነገር ግን «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በማድመጡ የጌታን ፈለግ አየንበት። ጳውሎስም ሉቃስን የተወደደ ሐኪም ይለዋል፤ ለጢሞቴዎስም ሆድ ሲያስብ ስለሚጠጣው ነገር መክሮታል እንጂ እምነቱን አልመረመረም።

እግዚአብሔር ይፈውሳል ብለን እናምናለን። ጸሎታችን ግን አድጓል። ቀድሞ «ጌታ ሆይ፣ አንሣላት» ብቻ እንል ነበር። አሁን «ጌታ ሆይ፣ እውነቱን አሳየን» እንላለን። የተጎዳ ነርቭ ብዙውን ጊዜ ወደ ነበረበት እንደማይመለስ ተነግሮናል። እናታችን አሁንም የምታስመልስባቸው ቀናት አሉ። ግን ክብደቷ መጨመር ጀምሯል፤ ስኳሯም በልታ አይወርድም። ከሁሉም በላይ ስትናገር የሚያምናት ሰው አግኝታለች።

እባካችሁ፣ በቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ይህን ልብ በሉ፦ ጥቂት በልቶ የሚጠግብ፣ የቆየ ምግብ የሚያስመልስ፣ በልቶ ስኳሩ የሚወርድበት፣ እግሩ የሚደነዝዘው ከሆነ «ጨጓራ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ውሰዱት፤ በከተማችን ባሉት እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ባሉ ትላልቅ ሆስፒታሎች የውስጥ ደዌ ክፍል አለ። የቆዩ ወረቀቶችን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ጾም ጸሎት ከመያዙም በፊት ሐኪሙን ያማክር። የኅብረት መሪዎች ሆይ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሲንቀጠቀጥ አስቀድማችሁ ስኳሩን አስለኩ፤ እየለካችሁም መጸለይ ይቻላል።

አሁን ማታ ማታ ከእራት በኋላ እናታችንን ይዘን ጣና ዳር እንራመዳለን። ቆም እያለች ታንኳዎቹን ታያለች። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን እትዬ በትንሽ ሳህን አጥሚት ይዘው መጡና «እንደ ድሮው በሞቴ አልልሽም፤ የቻልሽውን ያህል» አሏት። እናታችን አራት ማንኪያ ቀመሰችና «ይበቃኛል» አለች። ማንም አላስገደዳትም።

የሰማይ አባት ሆይ፣ የታመሙትን እናምን ዘንድ ልብ ስጠን። ሳንጠይቅ የፈረድንባቸውን ይቅር እንዲሉን እርዳን። የሐኪሞችን እጅ ባርክ። ሕመማቸው ስም ያላገኘላቸውን ሁሉ በምሕረትህ አስብ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።